የአማቴን ቃል የተረጎምኩ ዕለት

ሕመም አይለመድም። ይለመዳል የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ጤነኞች ናቸው። «ቆይተው ይለምዱታል፣ ሰውነት እኮ የማይለምደው ነገር የለም» ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ አነባብረው ነው። መቀመጥ የሚባል ነገር እንዳለ፣ እነሱም በዚያች ደቂቃ እየሠሩት እንደሆነ ትዝ አይላቸውም። እኔንም ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ወንበር ስስብ ማፈር የጀመርኩት የባለቤቴ አባት መቀመጥ አቅቷቸው በቤቴ ውስጥ በጎናቸው ተኝተው ሲኖሩ ካየሁ በኋላ ነው።

አማቴ ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ የመጡ ሸማኔ ናቸው። እንዲህ ስል ሰው ወዲያው ስለ ጥለት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ባህል ልብስ ሊያወራኝ ይፈልጋል። ሽመና ግን ከሁሉ በፊት መቀመጥ ነው። ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግርን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ ከወገብ በላይ ቀጥ ብሎ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውሩ መዋል። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ተቀምጠው ኖረዋል። ከዚያ አንድ ቀን ከምዕራብ ዓባያ ሲመለሱ መኪና አጡና ሙዝ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጡ። ከጭነቱ በላይ ተቀምጠው ሳለ ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ የቆሙ ከብቶች አይቶ ፍሬን ያዘ። ሙዙ በቦታው ቀረ፤ እሳቸው ወረዱ። ከአከርካሪያቸው ሁለት አጥንት ተሰብሮ ተገኘ። ለቀዶ ጥገና ዕድሜያቸው አይፈቅድም ተባለ። አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጠመ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም።

ባለቤቴ አባቷን ከኦቾሎ አውርዳ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ወዳለው ቤታችን አመጣቻቸው። ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈርንና የሽመና ዕቃቸውን ተከልንላቸው። መጀመሪያ ላይ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ክንድ ሳይሠሩ ላብ ያጠምቃቸው ነበር። ኋላ ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሰከን ያለ ሐኪም አገኘንና ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ አዘዘላቸው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በሁለተኛው ሳምንት ከጠዋት እስከ ምሳ መቀመጥ ቻሉ። ሕመሙ ጠፋ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«የት ይጠፋል? ተነሥቶ ሄዶ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። እዚያ ሆኖ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ግን ሥራዬን ያሠራኛል» አሉ።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የሚያኮራኝ ስላልሆነ ቶሎ ልበለውና ልለፈው። ትራማዶል ቀድሞ በየፋርማሲው እንደ ከረሜላ ይሸጥ ነበር። ተማሪው ለፈተና፣ ሾፌሩ ለረዥም መንገድ፣ ሥራ ያጣው ምሩቅ ሥራ ማጣቱን ለመርሳት ይውጠው ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ዓይኑ ፈጦ የማይሰማኝን ልጅ አይቻለሁ፤ አንዱ ፊቴ ወድቆ ሲንፈራገጥ ራሱን ደግፌ ይዣለሁ። ስለዚህ ጻፍኩ። መድኃኒቱ በቁልፍ ይያዝ፣ በልዩ ወረቀት ይታዘዝ፣ ሰጪውም ተቀባዩም ይፈርም ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው መጣጥፎች ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ የተስማማልኝ በዚያኛው ብቻ ነው፤ ራሴን መጠርጠር የነበረብኝም ያኔ ነበር። ኋላ ቁጥጥሩ በእርግጥ ጠበቀ። በእኔ ጽሑፍ አይደለም፤ ግን አልከፋኝም። የግል ፋርማሲዎቹ ጣጣው በዛብን ብለው ማምጣቱን ተዉት። መጣጥፉን ሰሞኑን መልሼ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። አንድም የታመመ ሰው የለበትም።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ የሚገኘው ከሆስፒታል ብቻ ሆነ፤ በየወሩ ሐኪም ፊት እየቀረቡ፣ በልዩ ወረቀት እያጻፉ፣ በጣት እየፈረሙ። በየወሩ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። አማቴ አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ሸማ ለመሸጥ ይበቃል፣ ሕመም ለመናገር አይበቃም። እኔ ደግሞ ከሰሜን በመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ብወለድም እዚሁ አርባ ምንጭ ከጋሞ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ያደግሁ ነኝ። ጋሞኛዬን ሰው ሲያደንቅልኝ ደስ ይለኛል። ወረፋው ረዥም ስለሆነ፣ አማቴም በባጃጁ መንገጫገጭ ሕመማቸው ተነሥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማይችሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ጋቢያቸውን አነጥፌ በጎናቸው አስተኛቸው ነበር። ያየ ሁሉ «ኧረ ቅድሚያ ስጧቸው፣ እያለፉ ነው!» ይላል። አማቴ ካሉበት ሆነው በዚያ በገበያ አማርኛቸው «ገና ነኝ» ይላሉ።

አሁን ስለ ጎሜ ልናገር፣ ያለ እሱ የሆነው ነገር አይገባም። በጋሞ አገር ሊነካ የማይገባውን የነካ፣ ቃሉን ያፈረሰ፣ የወሰን ድንጋይ የገፋ፣ ጎረቤቱን የበደለ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል። ይታመማል፣ ልጁ ይታመማል፣ ወይም ዝናብ ይቀራል። መድኃኒቱ መናገር ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ ሳይቀንሱ፣ ሳያሳምሩ፣ ሳያመካኙ መናገር። የተናገረ ሰው ይመረቃል፣ ከበደለው ጋር ይታረቃል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ማንም አያነሣበትም። የሚጠፋው የደበቀ ሰው ነው። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሰባኪው ጎሜ የሚባል ነገር የለም ሲል ከሁሉም ቀድመው አሜን ይላሉ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ጎሜያቸውን ይፈራሉ።

ባለፈው ዝናብ ወራት ወንድማቸው ሞቶ ለልቅሶ ኦቾሎ ወጡ፤ አንድ ወር ግድም ቆዩ። ሲመለሱ ሕመሙ ብሶባቸው ነበር። መኪናው ይሆናል፣ ዳገቱ ይሆናል፣ ብርዱ ይሆናል አልን። የቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ስንደርስ አማቴ ከግቢው ጥግ እንደምንም ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ለምለም ሣር ነጭተው በእጃቸው ያዙ። አየኋቸው። በጋሞ ሣር ይዞ የመጣ ሰው ዕርቅ ፈልጎ እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ስልኬን እያየሁ ነበር።

የወትሮው ሐኪም ተዛውሮ በምትኩ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሥርዓት ያለው ወጣት ሐኪም ተቀምጧል። ካርዱን አገላበጠና ለሁሉም የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«አባባ፣ መድኃኒቱን በታዘዘልዎት መሠረት ነው የሚወስዱት?»

የዚህ ጥያቄ መልስ በየወሩ «አዎ» ነው። ጥያቄውን በጋሞኛ ከማስተላለፌ አማቴ ከወንበሩ ጫፍ ተነሡ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሣሩን በሌላው እንደያዙ ቆሙ። መቆሙ ምን እንዳስከፈላቸው ከጉንጫቸው ታየኝ።

«ልጄ፣ ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ» አሉ። «ለሌላ ሰው አትስጥ ብላችሁኛል፤ አልሰጥም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ለወንድሜ ልቅሶ ብሄድ ሚስቱ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታ አገኘኋት። ስታለቅስ ለቀስተኛው እንዳይሰማት አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። እኔ መድኃኒቱን ኪሴ ይዤ አምስት ቀን አየኋት። በስድስተኛው ቀን ሰጠኋት። ስድስት ፍሬ ነው የሰጠኋት። ቃሌን አፈረስኩ። ሁለተኛው፣ እኔንም ዳገቱ ጎድቶኝ ሁለት ማታ በአንድ ፈንታ ሁለት ሁለት ዋጥኩ። ይህንንም ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። ሕመሙ የበረታብኝ ለዚህ ነው። ይኸው ነገርኩህ። ማረኝ።»

ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ ተርጉሜ አላውቅም። ነጠላውን አልተውኩም፣ አምስቱን ቀን አልተውኩም፣ ስድስቱን ፍሬ አልተውኩም። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉበት ቦታ እኔም ዝቅ አደረግሁ። ስጨርስ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በራሴ ረክቼ ነበር።

ሐኪሙ «ስለ ግልጽነትዎ በጣም አመሰግናለሁ አባባ» አለና መጻፍ ጀመረ። ብዙ ጻፈ። አማቴ ሣሩን ጠረጴዛው ላይ በክብር አኖሩለት። ሐኪሙ ለካርዱ ቦታ እንዲለቅ በክንዱ ገፋ አድርጎ መጻፉን ቀጠለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ለጊዜው ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ አማቴ ትከሻዬን ተደግፈው ቆሙ።

«ቀለለኝ» አሉ። «ጥሩ ልጅ ነው። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።»

የመድኃኒት መስኮቱ ጋ ያለችው ፋርማሲስት ታውቀናለች። ከሳቸው ጋር በየወሩ የሚደጋግሙት ቀልድ አላቸው።

«አባባ፣ ጋቢዬስ? ዛሬም ባዶ እጅዎን መጡ?»

«ባል አግቢና!»

«ባሉን ደግሞ ከየት ላምጣው? እሱንም ይሸምኑልኛ!»

እየሳቀች ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ሳቋን አቆመች። ገልብጣ አየችው።

«መምህር፣ የወትሮው እኮ እዚህ ላይ የለም።»

«አልቋል?»

«መድኃኒቱማ አለ። ልዩ ወረቀቱ ነው የሌለው። ፓራሲታሞልና የሚቀባ ነው የታዘዘው።» ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ምን ተፈጠረ?»

«እሳቸው እውነቱን ተናገሩ» አልኳት።

«ውይ!» አለች። የሚቀባውን በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ የላስቲኩን ውስጥ አየች፣ እኔን አየች።

«ምን ብለህ ተረጎምክ?»

«ያሉትን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«አንተ ሰውዬ፣ በሃያ ዓመት ትዳራችን እኔ ያልኩትን ሳትጨምር ሳትቀንስ የደገምክበት አንድ ቀን የለም። እውነተኛ የምትሆነው በአባዬ ላይ ነው?»

አትተርጉም ወይም ዋሽ ማለቷ አልነበረም። አባቷ እንደ ጋሞ ሽማግሌዎች ሸንጎ ቆጥረው የገቡበት ክፍል ምን ዓይነት ክፍል እንደሆነ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው እኔ አውቅ ነበር። አንዱ ቦታ ጥፋት የሚነገረው እንዲሰረዝ ነው፤ ሌላው ቦታ እንዲመዘገብ። ይህን ነው ያልተረጎምኩላቸው።

የመጀመሪያውን ሳምንት መግለጽ አልፈልግም። መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም ላብና መንቀጥቀጥ መጣ፤ እግራቸው በራሱ ይፈራገጥ ነበር። ያ ካለፈ በኋላ አጥሩ ሥር ተቀምጦ የነበረው ተመልሶ ገባ። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ጠዋት ሞከሩ። ባለቤቴና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን አወጣናቸው። ከዚያ በኋላ ዶሮ እንዳይገባበት ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከደንነው።

ወደ ሐኪሙ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ጎሜ አንድ በአንድ አስረዳሁት። በትኩረት ሰማኝና «በጣም ደስ የሚል ባህል ነው» አለ። ባህላችን ተደነቀ።

«ታዲያ ዶክተር፣ ሰውየውን ለምን ትቀጣቸዋለህ?»

«እየቀጣሁ አይደለም መምህር። ለሌላ ሰው መስጠታቸውና ከታዘዘው በላይ መውሰዳቸው ካርዳቸው ላይ ሰፍሯል። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ‹እያወቅህ ለምን አዘዝክ?› የምባለው እኔ ነኝ። ደግሞስ በዚህ መድኃኒት ስንት ወጣት እየተንፈራገጠ ይመጣልኛል? እርስዎ አስተማሪ ነዎት፣ ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

የሚለው ሁሉ የእኔው መጣጥፍ ነበር። እንዲያውም ከእኔ አሳጥሮ አቀረበው።

«ባይናገሩስ ኖሮ?» አልኩት።

ብዙ ሳያስብ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ እውነቱን ነገረኝ። «ባይናገሩ ኖሮማ እጽፍላቸው ነበር።»

ከሦስት ወር በኋላ ጉዳያቸው እንደገና ይታያል ብሎ ቀጠሮ ሰጠኝ። ሦስት ወር ለጤነኛ ሰው አንድ የትምህርት መንፈቅ እንኳ አይሞላም።

መናኸሪያው አካባቢ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አለ። መድኃኒቱ ከሱ ዘንድ እንደሚገኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ቁጥጥሩ ብቻ ነው። ሄድኩ። ስለ ትውልዱ ጥፋት የጻፍኩት ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የገዛ ተማሪዎቼ በሚያልፉበት መንገድ ላይ አንድ ሰሌዳ ኪኒን ከካርድ ሻጭ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። አማቴ ሰሌዳውን በእጃቸው አገላበጡት።

«ሐኪሙ ሰጠህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ ሳልፈርም?»

ሰሌዳውን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ልጄ፣ በላዬ ላይ ሌላ አትጨምርብኝ» አሉ።

እሳቸው ነገሩን በራሳቸው መንገድ ደርሰውበት ነበር። ተናግሬያለሁ፣ ምሕረት አግኝቻለሁ፣ ሕመሙ ግን በረታ፤ ስለዚህ ያልተናገርኩት ሌላ አለ ማለት ነው። በጎናቸው እንደተኙ ዕድሜያቸውን ወደ ኋላ መፈተሽ ጀመሩ። አንዱን ሲያገኙ ይጠሩኛል። አንዲት ገበያተኛ ሴት ላይ ሸማ በአንድ ስንዝር አሳጥረው ሸጠዋል። ጎረቤት የወሰን ድንጋይ ሲገፋ አይተው አላየሁም ብለዋል። ጓደኛቸው ሲቀበር ገበያ ነበሩ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክኬ እሰማለሁ፤ የሚተረጎምለት ሰው እንኳ የለም። በየቀኑ አፌን ከፍቼ ‹ጎሜ አይደለም› ልላቸው እነሣና እተዋለሁ። እንዲህ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ማለት አለብኝ፤ መድኃኒቱን የነሣቸው እውነት መናገራቸው እንደሆነ፣ ያንንም ያቀበልኩት እኔ እንደሆንኩ።

በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች ከኦቾሎ እንዲመጡላቸው አስጠሩ። በሚኒባስ መጡ፤ አማቴን በፍራሻቸው ወደ በረንዳው አወጣናቸውና ሽማግሌዎቹ አጠገባቸው ተቀመጡ። አንደኛው የልጅነት ጓደኛቸው ነው። ስለ ስንዝሩ ሲሰማ ሳቀ።

«ለዚህ ነው ከዚያ ድረስ ያስመጣኸን? እኔ ስንት ስንዝር እንደሸጥኩ ብነግርህ ዛሬ ሚኒባስ አላገኝም።»

«ሌላ አለ» አሉ አማቴ።

«ያለ እኔ ያጠፋኸው ነገር አለ እንዴ? ሁሌ አብረን አልነበርንም?»

«ይህን አብረን አልነበርንም» አሉ። «ልጄ ሆድ ውስጥ እያለች እናቷን መታኋት። በመወርወሪያ እንጨት መታኋት። ሁለት ቀን ደም ፈሰሳት፤ ልጁ ይወርዳል ተብሎ ነበር። ሰው ሲጠይቅ ወደቀች አልኩ። እሷም ወደቅሁ አለች።»

ልጄ ያሏት ባለቤቴ ናት። የተቀቀለ ድንችና ዳጣ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ገባች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መመረቁንማ መረቁ፤ ግን የበደሏት ሴት ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅቷም አልተጠራችም፣ ማንም ደፍሮ አልጠራትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ባለቤቴ አባቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ በማንኪያ ታጎርሳለች። አታናግራቸውም።

«ምን ልበል?» አለችኝ ሳነሣባት። «እናቴ የለችም፣ በማን ስም ይቅር ልበል? ያን ነገር ሳላውቅ መሞት እችል ነበር እኮ። እስካሁን ደብቆልኝ ነበር። ለሁለት ፍሬ ኪኒን ብሎ ነው ያወጣው።»

በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ነገርኳቸው። «ጎሜ አይደለም አባባ። ወረቀት ነው» አልኩ። ሐኪሙ ምን እንደጻፈ፣ ምን እንዳለኝ፣ ባይናገሩ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«የተናገርኩት ተጻፈ?»

«ተጻፈ።»

«ማረኝ ያልኩትስ?»

«እሱ አልተጻፈም።»

«ሣሩን ያኖርኩለትስ?»

«አልተጻፈም አባባ።»

«ጥፋቱን ብቻ ጽፎ ዕርቁን ተወው?» አሉ። መደነቅ እንጂ ቁጣ አልነበረበትም። ሸማ ሠርቶ ግማሹን ድር ቤቱ ረስቶ ስለመጣ ሰው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ዓይናቸውን ገለጡ። «አንተ ግን ጥሩ አድርገህ ነው የነገርክልኝ። እየሰማሁህ ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ሄድን። አሁንም ሌላ ሐኪም ነው፤ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ፊቷ ላይ ድካም ያለባት ሴት። ካርዱን አነበበች፣ የተጻፈውንም አየች፣ ግን አልፋው ቀና ብላ አየቻቸው። ይህችኛዋ ትጽፋለች ብዬ በልቤ አሰብኩ። ወንበር ስታሳያቸው አማቴ እጃቸውን አወዛወዙ፤ እንደቆሙ ቀሩ።

«እንዴት ነዎት አባባ?»

«ደህና» አሉ፣ በራሳቸው አማርኛ።

«ሕመሙስ?»

«ደህና።»

«ዶክተር፣ ደህና ነኝ ይላሉ፣ ግን…» ብዬ ስጀምር እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከበደኝ።

«ግን የለም» አሉ በአማርኛ።

እሷ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች። ኮሪደሩ ላይ ወረፋው በሩን እየገፋ ነበር። «ጠንካራ ነዎት አባባ» አለችና ለውጥ አላቸው ብላ ጻፈች። ያ ፓራሲታሞልና ያ የሚቀባ ቀጠለ።

ባጃጅ ውስጥ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርገው በወንበሩ ርዝመት ተኙ። በየጉብታው ጥርሳቸው ሲፋጭ ይሰማኛል። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

«አፌን ከከፈትኩ ምን እንደሚወጣ አላውቅም» አሉኝ። «ሲወጣ ደግሞ ይጻፋል። ልጄ ቤት ውስጥ አለች፤ ሌላ እንድትሰማ አልፈልግም።»

ይህን ስጽፍ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ በጎናቸው ተኝተዋል። ባለቤቴ ስታገላብጣቸው፣ ሳትጠይቃቸው፣ ደህና ይሏታል፤ እኔንም ደህና ይሉኛል። ያ ሁሉ እውነት የነበረበት ሰውዬ አሁን በቀን አሥር ጊዜ ይዋሻል፤ ያስተማርነውም እኛ ነን፣ ሐኪሙ፣ ወረቀቱና ተርጓሚው።

እርስዎ ይህን የሚያነቡ፣ አንድ ቀን የሰው አባት ወይም የሰው እናት ደግፈው እንዲህ ያለ ክፍል ይገባሉ። እኔ ያላደረግሁትን ሁለት ነገር ያድርጉልኝ። በሩ ላይ ቆም ብለው ለሽማግሌው «እዚህ የሚናገሩት ሁሉ ይጻፋል» ብለው በቋንቋቸው ይንገሯቸው። ከገቡ በኋላ ደግሞ ሐኪሙን «ብዕርህን አስቀምጥና መጀመሪያ ስማቸው፤ ከጻፍክም ለምን እንደሰጡ ጨምረህ ጻፍ» ይበሉት። ቢቆጣም ይበሉት።